አባቴ ለሽማግሌዎቹ የመለሰው ቃል

አባቴ በደብረ ብርሃን በቅንነቱ የታወቀ ነው። የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ሲሸጥ ብል የነካውን ራሱ ገልጦ ያሳያል። ጾም አይገድፍም፣ ኪዳን አያስታጉልም። መግዛት ያቃተው ቁጣውን ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች «ኧረ ተው፣ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው» እያለች ትለምነው ነበር።

ከወለጋ የተፈናቀሉ ገበሬዎች ወደ ከተማችን በመጡበት ክረምት፣ ከሱቁ ብርድ ልብስ አውጥቶ መጠለያው ድረስ ወሰደላቸው። እኔና ታናሽ እህቴም አብረነው ሄድን። እህቴ ከዚያ በኋላም እየተመላለሰች የመጠለያውን ሕፃናት ታስተምር ጀመር። እዚያው ከእናቱ ጋር ከሚኖር፣ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከሚሠራ ወጣት ጋር ተዋደዱ። ቆይቶ ልጁ ሽማግሌ ላከ፤ ዘመድ ስላነሰውም ራሱ አብሮ መጣ።

እሑድ ነበር፤ አባቴ ቆርቦ ከተመለሰ ገና ብዙም አልቆየም ነበር።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለምነን መጣን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። «ድንኳን ለሚያድር ሰው ልጄን አልድርም። ምጽዋት ብሰጣችሁ ልጄን ደግሞ አምጣ ትሉኛላችሁ?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ።

«አባባ፣ ያን ክረምት እናቴን ከብርድ ያተረፋት የእርስዎ ልብስ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላስቆጣዎ አልመጣሁም።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እህቴ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ሳይቆርብ ተመለሰ። የንስሐ አባቱ «መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠይቅ» ብለውት ኖሯል። እሺ አለ፤ ነገር ግን ዛሬ ነገ እያለ፣ ሰው ምን ይለኛል እያለ ዐቢይ ጾም አለቀ። ከፋሲካ በኋላ ወደ መጠለያው ይዤው ሄድኩ። የልጁ እናት ብቻቸውን ነበሩ።

«ልጄ የተሻለ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከገባ ሰነበተ» አሉ። አባቴ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዘው አነሡት። «እኔ ይቅር ብያለሁ። የእሱን ግን ራሱን ይጠይቁት» ብለው ደወሉለት።

ስልኩ ድምፁን ያወጣ ስለነበር እኔም ሰማሁ። አባቴ እያለቀሰ ተናግሮ ሲጨርስ ልጁ መለሰለት።

«አባባ፣ እኔ የዚያኑ ዕለት ይቅር ብዬ ነው ከቤትዎ የወጣሁት። አሁን ግን እዚህ ቀለበት አስሬያለሁ።»

ይህን ለእህቴ የነገራት አባቴ ራሱ ነው። «ይቅናው» አለችና የጀመረችውን ልብስ ማጠብ ቀጠለች። ዛሬ ሰላ ድንጋይ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ለብቻዋ ትኖራለች። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ አባታችንን ታከብረዋለች፣ የልቧን ግን አታጫውተውም።

ባለፈው ጥምቀት አንድ ጎልማሳ የባጃጅ ሹፌር ከነባጃጁ አጥራችንን ጥሶ ገባ። አባቴ ብድግ አለ። ከንፈሩን ነክሶ ቆመ፣ ቆመና፣ «ወንድሜ፣ አልተጎዳህም?» አለ። ጎረቤቶች ተደነቁ፤ «እግዜር እንዴት ያለ ትዕግሥት ሰጥቶዎታል!» አሉት።

«ዘግይቶብኛል» አለ አባቴ።

እህቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ፈገግ ልትል ያለች መሰለኝ። ከዚያ መኪና እንዳያመልጣት ቦርሳዋን አነሣች፤ ጉልበቱን ስማ ሄደች።