ከወንበሯ የማትነሳው ቴክኒሻን

የሙያ ማሠልጠኛው ቴክኒሻን ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ሻይዋን እየጠጣች፣ አርባ ኮምፒውተር በአንድ ጠዋት አሰናዳች አሉ። ወሬው ከግቢው በር ተነሥቶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሲደርስ አርባው መቶ ሆነ። ፀጉር ቤት ሲገባ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ አጎቷ ምስጢራዊ ፕሮግራም ልኮላታል፣ እሷ ጣቷን ስታነሣ ኮምፒውተሮቹ ተሰልፈው «አቤት» ይላሉ ተባለ። እስከ ምሳ ሰዓት «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ሰባት ሰው ተገኘ። ከሰባቱ ስድስቱ የዚያን ዕለት ፈቃድ ላይ ነበሩ።

እውነት ለመናገር ለማመን ይከብዳል። ማሠልጠኛው አርባ ኮምፒውተር በአንድ ጠዋት ይቅርና አንድ የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር ሁለት ስብሰባ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ነው።

የቆየው አሠራር እንዲህ ነበር። ፈተና ሲቃረብ በአርባዎቹ የሠልጣኞች ኮምፒውተሮች ላይ ስምንት ስምንት ፕሮግራም ይጫናል። ስምንቱም ያሉት በአንዲት ፍላሽ ውስጥ ነው። ፍላሿ ያለችው በንብረት ክፍል ኃላፊው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ኃላፊውን ሰው ሁሉ ጋሽ ማኅተም ይላቸዋል፤ ካልተፈረመላቸው «ደህና ዋሉ» እንኳ አይሉም። እንዳትጠፋባቸው ፍላሿን በቀይ ክር ከአንድ ክንድ እንጨት ጋር አስረዋታል። ቴክኒሻኗ በግራ እጇ እንጨቱን እንደ ሕፃን አቅፋ፣ በቀኟ «ቀጥል»፣ «ቀጥል»፣ «እስማማለሁ» የሚለውን እየተጫነች ሦስት ሳምንት ትፈጃለች። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር በሦስት ቅጂ ትፈርማለች። የሚያይ ሁሉ «አቤት ስትለፋ» ይላል። በዚህ የተነሣ ውሏ በየዓመቱ ይታደስላት ነበር። እናቷና እሷ የሚኖሩትም በዚያው ውል ነው።

ዘንድሮ ፈተናው ከቀኑ በፊት እንዲሰጥ ታዘዘና አራት ቀን ብቻ ቀረው። ቴክኒሻኗ መተላለፊያው ላይ ከተጣሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱን አነሣች። ክዳን የለውም፤ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገችለት። ከዚያ ማንም በነፃ የሚያገኘውን የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም ጫነችበት፣ አምና ከፍላሿ የገለበጠቻቸውን ስምንቱን ፕሮግራሞች አስቀመጠችበትና ከግቢው የኔትወርክ ገመድ ጋር አያያዘችው። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ፣ እዚያ የተቀመጠ ፋይል በሕንፃው ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ጋ ይደርሳል። እንደ ሰፈር ቧንቧ ነው፤ ባልዲ ያለው ይቀዳል። በዚሁ ላይ ሌላ ነፃ የመጫኛ ፕሮግራም ጨመረች፤ እሱ የሚፈልገው ዝርዝር ብቻ ነው፦ እነዚህን ስምንት ፕሮግራሞች፣ ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ባሉት ላይ። አንድ ጊዜ ታዝዞ ራሱ እየዞረ ይጭናል። «ቀጥል ወይ?» ብሎ ማንንም አይነዘንዝም።

ፈቃድ ልትጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጣች። ጋሽ ማኅተም ቀድመዋት ተቀምጠዋል።

«የማን ነው ፕሮግራሙ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የሠሩት ሰዎች ለሁሉም ለቀውታል፤ ማንም ውስጡን ገልጦ ማየት፣ መጠቀም፣ ማሻሻል ይችላል።»

«ባለቤት የለውም በይኛ።»

«አለው። አይከለክልም እንጂ።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «የማይከለክል ምኑን ባለቤት ሆነው?»

«ባይሆን ደብዳቤ ይጻፍለትና አለመከልከሉን በማኅተም ያረጋግጥ» አሉ ጋሽ ማኅተም።

«ጋሼ፣ ፈተናው እኮ አራት ቀን ነው የቀረው።»

«እኛ አላቀረብነውም።»

ሥራ አስኪያጁ አሰቡ፣ ተከዙ፣ በመጨረሻም «ኃላፊነቱ የቴክኒሻኗ ነው» ከሚል መስመር ሥር በደስታ ፈረሙ።

በማግስቱ ጠዋት ተጀመረ። ቴክኒሻኗ በሠልጣኞች ክፍል ውስጥ ቆማ ዝርዝሩን ትከታተላለች፦ አንድ ቁጥር ተሳክቷል፣ ሁለት ቁጥር ተሳክቷል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አርባውም ተሳካ። ዞር ዞር ብላ ስታይ ግን መስኮት ጥግ ያለው፣ «17» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኮምፒውተር ባዶውን ቁጭ ብሏል። ዝርዝሩ አሥራ ሰባት ቁጥር ተሳክቷል ይላል። ታዲያ የት ነው የተሳካው?

ፎቅ ላይ ነበር የተሳካው። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች የአምስት ዓመት ዕቅዳቸውን በትልቅ ስክሪን እያሳዩ ሳለ ዕቅዱ ጠፋና ለጀማሪዎች ትየባ የሚያስተምረው ፕሮግራም ብቅ አለ። «እንኳን ደህና መጡ» አለ በለሰለሰ የሴት ድምፅ። «ሁለቱንም እጅዎን ቁልፎቹ ላይ ያሳርፉ።» ሥራ አስኪያጁ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጣት የጻፉ ሰው ናቸው፤ ደንግጠው ሁለቱንም አሳረፉ። እንግዶቹ በአክብሮት ጠበቁ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ድምፁ ውጤቱን ለአዳራሹ አሰማ፦ «አራት ቃላት። አይዞዎት፣ እንደገና ይሞክሩ።»

የዚያን ዕለት መስኮት ጥግ ላለው ኮምፒውተርም ስምንቱን ጭናለት ለምሳ ቤት ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። እናቷ ሳህኑን ከማቅረባቸው በፊት ጀመሩ።

«ሥራዋን ለማሽን ሰጥታ ቁጭ ብላለች ይሉሻል። ነገ ደግሞ ትጠየቂያለሽ አሉ፤ ውልሽንም ሊተዉት ነው አሉ።»

«ሥራውማ አልቋል፣ እማዬ።»

«እሱ ነው ጥፋትሽ። ልጄ፣ ነገ ስትገቢ አንድ ነገር ተሸከሚ። ገመድም ቢሆን። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ሥራ የፈታ ነው የሚመስለው።»

«ገመዱ እኮ ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው።»

«ታዲያ ሌላ ገመድ ይጥፋ?»

በማግስቱ ባዶ እጇን ገባች። ጋሽ ማኅተም ሁለት ክስ በሦስት ቅጂ ይዘው ጠበቋት። አንደኛው፣ ሳይፈቀድላት የሥራ አስኪያጁን ኮምፒውተር መድፈሯ። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው፦ ሳትለፋ መጨረሷ።

«ማሽኑ ራሱ ከጫነ የእሷ ውል የሚታደሰው ምን ልትሠራ ነው?» አሉ። «ፍላሿም ከቁም ሣጥኗ ሳትወጣ ቀረች። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተንቃ አታውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ቴክኒሻኗ እናቷ ትዝ አሏት። ሆኖም ጠየቀች።

«ጋሼ፣ መዝገብዎን ያምኑታል?»

«መዝገቤን? ሃያ ዓመት አንዲት ስርዝ የለበትም።»

«እስቲ አሥራ ሰባት ቁጥር የት ነው ያለው?»

ጋሽ ማኅተም ገልጠው በኩራት አነበቡ፦ «አሥራ ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር፣ የሠልጣኞች ክፍል፣ መስኮት ጥግ።» ንባባቸውን ሳይጨርሱ ድምፃቸው ወረደ። ለካ አምና ሥራ አስኪያጁ ከሠልጣኞቹ መሃል ፈጣኑን ኮምፒውተር ወደውት ወደ ፎቅ አስወጥተውታል፤ አሮጌውም በምትኩ ወርዷል። ጋሽ ማኅተም መዝገቡ ከሚሰረዝ ብለው የተለጠፈውን ቁጥር ልጠው አሮጌው ላይ ለጠፉት። ፎቅ የወጣው ኮምፒውተር ግን በሆዱ በተጻፈው ስሙ አሥራ ሰባት ቁጥር እንደሆነ ቀረ። ሆዱን ከፍቶ የሚያይ ቅጽ አልነበረማ።

«እኔም የጫንኩት የሠልጣኞች ክፍል አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ነው» አለች። «ወይ መዝገቡ ተሳስቷል፣ ወይ ክቡር ሥራ አስኪያጅ ያሉት ሠልጣኞች ክፍል ነው።»

ጋሽ ማኅተም መዝገባቸውን አዩ፣ ሥራ አስኪያጁን አዩ፣ እንደገና መዝገባቸውን አዩ። ስርዝ ሊኖርበት ነው። ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ እስክሪብቶ አነሡና በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ሲሉ አሰፈሩ፦ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሠልጣኞች ክፍል ቅርንጫፍ ስለሆነ ጥፋት አልተፈጸመም። ሥራ አስኪያጁ ፈረሙ። ሠልጣኝ መሆን ኮምፒውተሩን ከመመለስ ይሻላል።

ውሉም ታደሰ። ሥራ አስኪያጁ ውሉን ሲሰጧት በሩ መዘጋቱን አረጋግጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያቺን ትየባ የምታስተምረኝን... እንዳታጠፊያት። ዘጠኝ ቃል ደርሻለሁ።»

ቴክኒሻኗ ስትወጣ የበሩ ጥበቃ ከነወሬያቸው ጠበቋት።

«ልጄ፣ ከራስሽ ልስማው ብዬ ነው። ከወንበርሽ ሳትነሺ፣ ሻይሽን እየጠጣሽ፣ አጎትሽ በላከልሽ ምስጢር መቶ ኮምፒውተር ጨረስሽ የሚሉት እውነት ነው?»

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ አርባ ነው። አርባውንም አንድ በአንድ እየዞርኩ ያበራሁት በእግሬ ነው፤ ያንን ዝርዝር ለማስተካከል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስሞክር ከርሜያለሁ። ምስጢር የለውም፣ ማንም ገልጦ ያየዋል። ወንበሬን ለስብሰባ አዳራሽ ከወሰዱብኝ ስምንት ወሩ ነው። አጎት የለኝም። ሻይም አልጠጣም።»