ምራቂ ገዳሪፍ ሲገባ

መተማ ዮሐንስ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የባቄላ መጋዘን ባለቤቷ እትዬ ዘነቡ ሰፌድ አስያዙኝ። ከሙቀቱ የተነሳ ጥላዬ እንኳ ጥሎኝ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። እያበጠርኩ ሰዉን ሳስቅ አዩኝና፣

"አንተ ልጅ፣ ባቄላ የሚለቀመው በዓይን ነው በምላስ?" አሉኝ።

"በዓይኔ እለቅማለሁ፣ በምላሴ እሸጣለሁ።"

እውነትም የራሴን ትንሽ መጋዘን ስከፍት ኮኪትና ሽንፋ ገበያ ላይ የሸጥኩት በምላሴ ነው። ቀልዴን ለመስማት ሲሉ ባቄላ የማይወዱትም ከእኔ ገዝተዋል። ከሚዛኑ በላይ አንድ እፍኝ ምራቂ ከጣልኩማ ደንበኛዬ እስከ ልጅ ልጁ የእኔ ነው።

ገበያው ሲጠበኝ ድንበር ለመሻገር ቆረጥኩ። ሱዳኖች ፉል ይወዳሉ፤ ፉል ደግሞ ባቄላ ነው። ባለኝ ሁሉ ከደጋ ባቄላ ገዛሁ፣ አበጠርኩ፣ ኬሻውን ሰፋሁ፣ ወረቀቱን ጨርሼ ገዳሪፍ ገባሁ። ካልተሸጠ መጋዘኔ ይዘጋል።

የጅምላ ገዢው ሐጂ ኢድሪስ ድንበር ላይ ስለነገዱ አማርኛ ይሞክራሉ። በየኬሻው አፍ ያሰርኩትን ትንሽ ፌስታል አዩ።

"ይሄ ምን?"

"ምራቂ ነው ሐጂ። ከሚዛን በላይ፣ በነጻ።"

"እኔ ለምኛለሁ?"

"ኧረ የአገራችን ልማድ ነው!"

"በነጻ የሚሰጥ ነጋዴ፣ ከታች ድንጋይ አለው።"

ኬሻውን ሁሉ ሸራ ላይ አስገለበጡት።

"ድንጋይ ካገኙ እኔን ቀቅለው ይብሉኝ" አልኩ። ማንም አልሳቀም። አንዱ ሠራተኛ ለጓደኛው ተረጎመለትና ሁለቱም በሐዘን አዩኝ። ድንጋይ አልተገኘም። ሐጂ ግን "ቡክራ" ብለው ሄዱ። ቡክራ ነገ ማለት ነው፤ እዚያ ገበያ ግን ነገ ራሱ ቀጠሮ አያከብርም።

ቀን ቀን ኬሻዬ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲስቅ አያለሁ፤ በምን እንደሚስቅ አላውቅም። ቀልደኛ ቋንቋ ሲያጣ ዲዳ ብቻ አይሆንም፣ ደደብም ይመስላል። አንዱን ቀልዴን ለአህያ ነገርኩት። ጆሮውን እንኳ አላነሳም፤ እሱም የሚሰማው ዓረብኛ ነው።

ስንቄ ሲያልቅ አንዱን ፌስታል ፈትቼ ማደሪያዬ አጠገብ ላለች ፉል ሻጭ ሰጠኋትና በእጄ ምልክት ቀቅዪልኝ አልኳት። ካመናችሁኝ፣ ባቄላዬ ገና ከሰሉን ሲያይ በሰለ። አንዷን ፍሬ በጣቷ ጨፈለቀች፣ ድስቱን አንጠልጥላ ወጣች። ራቴ አመለጠኝ ብዬ ተከተልኳት። ለካ ባቄላ የምትገዛው ከሐጂ ኖሯል።

ሐጂ ቀመሱ። "ይሄን ለምን አልተናገርክም?"

"ምኑን?"

"ቶሎ መብሰሉን! ፉል ሻጭ የሚያስፈራው የከሰል ዋጋ ነው።"

ባቄላውን ሁሉ ገዙ። ምራቂውን ግን ከነፌስታሉ መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ከመጫኔ በፊት ለፉል ሻጮች የሚቀቀል ናሙና እልካለሁ። ገበያዬ ሰፍቷል፤ ዓረብኛዬ ግን ዋጋ ከመጥራት አላለፈም። መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ፤ ሲዘጋ እጠብቃለሁ።

ድንበር ተሻግራችሁ ለመሸጥ የምታስቡ፣ ናሙናውን ለሚመዝነው ሳይሆን ለሚያበስለው ስጡ። ቋንቋውንም ከመሄዳችሁ በፊት ተማሩ። ባቄላዬ እዚያ ቤተኛ ሆኗል፤ እኔ ግን እስከዛሬ አንድ ሰው አላሳቅሁም።