የወይዘሮ ማርታ «የበፊት» ፎቶ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን እዚሁ ሶዶ፣ አንድ የውጭ ተራድኦ ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ኢንተርን ሆና ገባች። ትናንት ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ምክር ልትጠይቀኝ መጣች። እኔም ቦርጬን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ልጀምር ስል ወይዘሮ ማርታ ትዝ አሉኝ።

ከሃያ ዓመት በፊት እኔም ኢንተርን ነበርኩ። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ገዝቼ ራሴን ጋዜጠኛ አድርጌ ነበር። ኪሶቹ ውስጥ ያለው ግን አንድ እስክሪብቶና ቆሎ ብቻ ነው። ሥራዬ ፕሮጀክቱ ፍየል የሰጣቸውን እናቶች ፎቶ ማንሳት ነበር። አለቃዬ አቶ ታደለ ጎበዝ ከሆንኩ ቋሚ እንደሚያደርጉኝ ነግረውኛል። ለጋሾቹ ሁለት ፎቶ ይፈልጋሉ፤ ከእርዳታው በፊትና በኋላ። ችግሩ፣ ፍየሉ ሲታደል የበፊቱን ያነሳ ሰው አልነበረም። አቶ ታደለ የበፊቱንም አሁን አንሳው አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ሰኔ ነው። እስከ በዴሳ ከተማ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሄድኩ፤ ቀዩ ጭቃ ሁለቴ ጣለን። ወይዘሮ ማርታ እንግዳ ይመጣል ስለተባሉ ግቢያቸውን ጠርገው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው ጠበቁኝ። ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅለው ከዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። ዳጣው እያስለቀሰኝ ጠግቤ በላሁ። ከዚያ ነጠላውን አውልቀው የማሳ ልብስ እንዲለብሱ፣ ከፍየሎቹ ራቅ ብለው አንገታቸውን እንዲደፉ ጠየቅኳቸው። ሳቃቸው መጣ፤ ለእንግዳ እምቢ አይባልም ብለው እሺ አሉኝ። ደፋ ባሉ ቁጥር እየሳቁ አስቸገሩኝ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ሰለቸኋቸው መሰለኝ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ያኔ አነሳሁ።

የፕሮጀክቱ መዝጊያ ቀን ሶዶ አዳራሽ ውስጥ ያ ፎቶ ሁለት ሰው የሚያህል ባነር ሆኖ ተሰቀለ። እናቶቹ ከዘመድ ከጎረቤት ጋር ተጋብዘዋል። ወይዘሮ ማርታ ቀድመው ደረሱ። ባነሩን አይተው ቆዩና ወደኔ መጡ። አማርኛቸው ከኔ ወላይትኛ በብዙ ይሻላል።

«ልጄ፣ እኔ ደጄን ጠርጌ ነው የተቀበልኩህ። አንተ ግን ጭቃ አልብሰህ አገር ጠራህብኝ። ልጄን ያጯት ቤተሰቦች አሁን ይመጣሉ።»

«ባነሩ እኮ የቢሮው ነው» አልኳቸው። እስካሁን የማፍርበት መልስ ነው።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አላስቻለኝም። ከዘበኛው መሰላል ለምኜ ወጣሁ። ያኔም ቀጭን አልነበርኩም፤ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል። የባነሩን አንዱን ጫፍ እንደፈታሁ አቶ ታደለ እንግዶቹን አስከትለው ገቡ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየወደቅኩ» አልኳቸው። ወደቅኩም፣ ባነሩ ከላዬ። አማቾቹ ሲገቡ ያዩት እሱ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚንፈራገጥ ሰው ነው። ወይዘሮ ማርታ ፊታቸውን ገልጠው ወደ ፊተኛው ወንበር ሄዱ።

ቋሚነቱ ቀረ። የተሰጠኝ የሥራ ልምድ ወረቀት «በሰዓቱ ይገባ ነበር» ከማለት በቀር የሚለው የለም።

ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጀግና ነበርክ ለካ፣ ጋሼ» አለችኝ። ሙገሳውን ደስ ብሎኝ ልቀበል ነበር። ግን ያልነገርኳት ነገር ነበረ፤ ነገርኳት። ፎቶው ባነር ከመሆኑ በፊት በኢሜይል ውጭ አገር ሄዷል። ከዓመታት በኋላ ኢንተርኔት ላይ አንድ ሪፖርት ውስጥ አገኘሁት። ስማቸው የለም፣ ወላይታም አይልም፤ አንዲት አፍሪካዊት እናት ይላል። እንዲያወርዱት ሁለቴ ጻፍኩ፤ የመለሰልኝ የለም።

ወይዘሮ ማርታ ልጃቸውን ድረዋል፣ የልጅ ልጅም አይተዋል። እዚያ ፎቶ ላይ ግን ዛሬም አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። ቀና ይበሉ የሚላቸው ሰው የለም፤ ደፋ ይበሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።