ከሐኪሟ የደበቅሁት ወንድሜ

ልጄ ደሳለኝ ሲታመም መጀመሪያ ያየሁት መረቡን ባዶውን ይዞ በጠዋት መመለሱን ነው። ጣና ላይ ዓሣ አውጥቶ የሚያድር ሰው ነው። «ምነው ቶሎ መጣህ?» ስለው፣ «እዚያ ማዶ ያሉት ያሙኛል» አለኝ። አመንሁት። ውኃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ ደቅ ደሴት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። «ሰው ይማ፣ አንተ ዓሣህን አውጣ» ብየ መለስሁት።

ኋላ ግን ቤት ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶም መስማት ጀመረ። ጆሮውን በጨርቅ ጠቀጠቀ። እህል ተወ። ሚስቱ ይችን አሁን የምትጽፍልኝን ልጁን፣ የሺን፣ ታቅፋ መሸንቲ እናቷ ዘንድ ሄደች።

ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰድሁት። ሐኪሟ ያኔ ልጅ እግር ነበረች። ብዙ ጠየቀችና መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ከዘመድ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?»

«የለም። ዘራችን ንጹሕ ነው» አልሁ።

ውሸቴን ነው። በእኛ አገር ዘር የሚጠይቅ ሽማግሌ ነው። ልጅ ሲታጭ ቁምጥና አለ ወይ፣ እብደት አለ ወይ ተብሎ ይጣራል። መልሱ አንድ ነው፣ «የለም»። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ብቻውን እያወራ፣ ደቅ ላይ ጓዳ ውስጥ በገመድ ታስሮ ኖሮ ሞተ። እኔ ስዳር «ሁመራ ለሥራ ወርዶ ቀረ» ተባለ። ባሌም እውነቱን ሳያውቅ አፈር ለበሰ። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ሽማግሌ የመጣብኝ መሰለኝ።

በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሰጠችው። በሁለት ወሩ ድምፁ ቀነሰለት። ለጎረቤት «ወባ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ነበር» እያልሁ አወራሁ። ለወባ ደግሞ ይኼን ያህል ጊዜ ኪኒን አይዋጥም። ሐኪሟ «እንዳያቋርጥ» ብላኝ ነበር። ሰው እንዳይጠረጥር ብየ እኔ ነኝ «ድነሃል፣ በቃ ተወው» ያልሁት።

ተመለሰበት። ከፊተኛው ባሰ። አንድ ጠዋት ታንኳውን ገፍቶ ወጣ። መቅዘፊያውን ትቶታል። ፈለግነው። የለም። በማግሥቱም የለም። ዳር ቁሜ ውኃውን አየሁ። አላለቀስሁም። በሦስተኛው ቀን የዘጌ ቀዛፊዎች ሐይቁ ዳር ደንገል ሣር ውስጥ አገኙት። ነፍሱ አለች።

መልሼ ወስጄው ሐኪሟ ፊት ስቀመጥ ሳትጠይቀኝ ጌታሁንን ነገርኋት። አልተቆጣችም። ጻፈችው።

«ስኪዞፍሬኒያ ይባላል» አለችኝ። «አእምሮ ውስጥ መልእክት የሚያመላልስ ነገር አለ፤ አንዱ ዶፓሚን ነው። ተቀባይ አለው፣ እንደ በር ያለ፤ ሪሴፕተር እንለዋለን። በሩ እንዴት እንዲሠራ የሚያዘው፣ ጂን የምንለው የዘር ትእዛዝ፣ ከወላጅ ይወረሳል። መድኃኒቱም እዚያው በር ላይ ነው የሚሠራው፤ መልእክቱ እንዳይበዛበት ይይዝለታል።»

«እንግዲያ ያወረስሁት እኔ ነኛ?»

«አንድ ጂን ብቻውን አያሳምምም፣ እማማ። ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ነው የሚጨምረው። የኑሮው ጫናም ሌላም ይታከልበታል። የወረሰ ሁሉ አይታመምም። እርስዎስ መቼ ታመሙ?»

ይኼ ገባኝ። መረብ ስቋጥር ነው የኖርሁ። አንድ ቋጠሮ ዓሣ አይዝም።

ከዚያ ወዲህ በኪኒኑ ፈንታ በወር በወር መርፌ ይወጋል፤ መጀመሪያ እጁ እየተንቀጠቀጠ መረቡን መያዝ ቢያቅተው ለሐኪሟ ነግረን መጠኑን ቀነሰችለት፣ መድኃኒቱ የሚያመጣበት እንቅልፍም ቀስ እያለ ቀለለው፣ ሚስቱም ልጇን ይዛ ተመለሰች፣ እሱም ዓሣውን ያወጣል። ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣበታል። «ዛሬ መጥተዋል» ይለኛል። «ምን አሉ?» እለዋለሁ። «ያው ናቸው፣ ሥራ የላቸውም» ይለኝና እንስቃለን።

ዘንድሮ የሺን ሊያጩ ከዘጌ ሽማግሎች መጡ። ስለ ሕመሙ ልንገራቸው ወይ ብየ አስቀድሜ ጠይቄያት ነበር። «ንገሪያቸው እምየ፣ የሚሸሽ አሁኑኑ ይሽሽ» አለችኝ። ዘር ሲጠይቁ አባቷንም ጌታሁንንም ነገርኋቸው። «እንመካከር» ብለው ተነሡ።

ሁለት ሳምንት ምላሽ አልላኩም። በሦስተኛው የሺን ሊያጭ የፈለገው ልጅ እናት ብቻዋን በጀልባ መጣች። ጋብቻውን አላነሣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያች ሐኪም በየትኛው በር ነው የምትገኝ?» አለችኝ። ሦስት ዓመት ከጓዳ ያልወጣች እኅት አለቻት። ሰኞ እኅቷን ይዘን ሦስታችን ሄድን። ጋብቻውን ልጆቹ ይወቁበት፤ እነሱም ከሐኪሟ ጋር ሊነጋገሩበት ቀን ይዘዋል።

ልጄን ከደንገል ያወጡትን እግዜር ይስጣቸው። ሐኪሟንም ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተ የታመመ ያላችሁ፣ ጸበሉንም ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪም ተው ሳይል አታስተዉ። ሐኪም ዘር ሲጠይቃችሁ ልጃችሁን ሊያጭ አልመጣም። ንገሩት።

ወንድሜ ጌታሁን ሁመራ አልወረደም። ደቅ ነው የተቀበረ። ጻፊው፣ የሺ።