የስለት ሞተር

ሳን ሆዜ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ቤንዚንና እርጥብ ዝገት አንድ ላይ ሲሸቱኝ፣ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር አጠገብ ተከራይተን የኖርንበት ቤት ይመጣብኛል። አሥር ዓመቴ ነበር። እዚህ አገር ዝናብ በሚበዛበት በታኅሣሥና በጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ታክሲውን አቁሞ ይመጣና፣ የጋራዡን በር እስከ ግማሽ ከፍቶ፣ ካርቶን አንጥፎ አጠገቡ ያስቀምጠኝ ነበር።

ሞተር ሳይክሉን ያገኘው ሳን ሊያንድሮ፣ አንድ ደንበኛው ጓሮ ውስጥ፣ ሣር ውጦት ነው። አዲስ አበባ ሳለ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ በሞተር ያደርስ ስለነበር፣ «ይሄ አልሞተም፣ ተኝቶ ነው» ብሎ አመጣው። እኔ የቤንዚን መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግኩ፣ እሱ ካንዴላውን ነቅሎ እያጸዳ፣ ካቴናውን በናፍጣ እያጠበ እናመሽ ነበር። እሱ በአማርኛ ያወራኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እመልስለታለሁ። በሌላው ቀን ብዙ የማይናገር ሰው፣ እዚያ ካርቶን ላይ ግን ሲያወራ አይጠግብም ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣

«ልጅቷን እኮ መካኒክ አደረግሃት፤ እስቲ ጥፍሯን እየው» ስትለው፣

«ግድ የለሽም፣ ስታገባ ይለቃል» ይላት ነበር።

ዝናቡ አባርቶ ሑዳዴ ሲገባ የሞተሩ ጥገና አለቀ። የቀረው ቤንዚን ጨምሮ ረግጦ ማስነሣት ብቻ ነበር። ዛሬውኑ ብዬ ለመንኩት። አባዬ ግን በጾም ዘፈን እንኳ የማይከፍት ሰው ነበርና፣ «በጾም ፈንጠዝያ የለም። ፋሲካ ይድረስ፣ መጀመሪያ የምትረግጪው አንቺ ነሽ፤ ከዚያ ከኋላዬ ትቀመጫለሽ» አለኝ። ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር መርገጫውን በጨርቅ እየወለወልኩ ፋሲካን እጠብቅ ነበር።

በሰሞነ ሕማማት አባዬን ልቡን አመመው። ሆስፒታል ሲተኛ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ፣ ባሌን ካተረፍክልኝ ሞተሩን ለቤተ ክርስቲያንህ አስገባለሁ ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ተረፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን ሳልል ያለፍኩበት ጊዜ የለም። ቤት ሲመለስ ግን ጋራዡ ተቆልፎ ጠበቀን፤ የተሳሉት ነገር አይነካም። አባዬ ጉዳዩን ሲሰማ፣ «አንዴ ከአፍሽ ከወጣ ምን ይደረጋል» ብቻ አላት። ወደ እኔ አላየም።

በሐምሌ፣ የገብርኤል ንግሥ ዕለት፣ ሞተሩ ከድፎ ዳቦውና ከጃንጥላው ጋር ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለጨረታ ቀረበ። አጫራቹ፣ «ቅዳሴ ለሚያረፍድ ሰው የሚሆን ነው፣ እስቲ ማን ይጀምራል?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሪችመንድ የመጣ አንድ ጎረምሳ አሸነፈ። ደጅ አውጥተው ቤንዚን ጨመሩለትና ረገጠው፤ ወዲያው ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባዬ ጎንበስ ብሎ፣

«ሰማሽ? ተነሣ» አለኝ።

እኔ የማየው በጨርቅ ስወለውለው የከረምኩትን መርገጫ ነበር።

አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ለሠርጌም ደረሰ። ቅዳሜን ግን ታክሲውን እየነዳ ያሳልፍ ነበር እንጂ ካርቶን አንጥፎ አላስቀመጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ካረፈ በኋላ አንድ ቀን እማዬን፣ ለምን ሌላ ነገር አልተሳልሽም አልኳት።

«ልጄ፣ የኔ የምለው ምን ነበረኝ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ሞተሩም ግን የእሷ አልነበረም።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፣ እኔም እሳላለሁ፤ የምሳለው ግን የራሴን ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ ሶልያና ጎረቤት የጣለውን አሮጌ ሞተር አምጥታ፣ የዝናቡን ወራት አብረን ስንፈታና ስንገጥም ከርመን፣ ጥገናው አለቀ። የአጋጣሚ ነገር፣ ሑዳዴ ነበር።

«ማሚ፣ ዛሬ ስታርት እናድርገው?» አለችኝ።

ፋሲካ ይድረስ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ቤንዚኑን ራሴ ጨመርኩላት። ረገጠችው፣ ተነሣ፣ ሳቀች። እኔ ዞር ብዬ፣ ማንም ያልቆመበትን የጋራዡን በር አየሁ። ልጄ የሰማችው የራሷን ሞተር ነው። አባዬ የእሱን የሰማው ለሌላ ሰው ሲነሣ ነበር።