ሚጢጢ አትሰማም

እኛ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሬዲዮ አለች፤ ሰው ናት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ መዝገብ ብቻ ነው። ባሏ ሳይቀር ሬዲዮ ነው የሚላት። ያደገችው ወፍጮ ቤት ነው። አባቷ ወፍጮውን ያስኬድ ነበር፤ መኖሪያቸው ደግሞ ከወፍጮው ጀርባ አንዲት ክፍል። እዚያ ቤት ውስጥ "ውኃ አቀብሉኝ" ለማለት እንኳ ሞተሩን መብለጥ ያስፈልግ ነበር። ሞተሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ እሷ ግን አልቆመችም።

እኔ የማቆያው ምግብ አብሳይ ነኝ። የወጥ ቤቴ መስኮት በቀጥታ የሚያየው የውጭውን በር ነው፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ ወይ አይቼዋለሁ ወይ ሰምቼዋለሁ። ሬዲዮ የተናገረችውን ደግሞ አልሰማሁም ብሎ መካድ አይቻልም። ከማቆያው ሞግዚቶች አንዷ ናት፤ ትንንሾቹን ይዛ ትውላለች። አመሻሽ ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በሩ ላይ ቆማ የዕለቱን ወሬና ማስታወሻ ታሰማ ነበር። ጭቃው አልደረቀምና ነገ ቅያሪ ሱሪ ይዛችሁ ኑ፤ ትኩሳት ያለው ልጅ እቤቱ ይዋል፤ ከቤት አሻንጉሊት አታምጡ፣ ይጣሉበታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ልጅ የለውም፤ ቢሆንም የሚያልፉትን እናቶች "ሐሙስ ኮፍያ ይዛችሁ ኑ ተብላችኋል" እያለ ያስታውሳቸው ነበር።

ጣጣው የመጣው በቅማል ነው። ብርዱ ወጥቶ፣ ግቢው ሣር አብቅሎ፣ ልጆቹ ኮታቸውን ጥለው ራስ ለራስ ተጠጋግተው መጫወት ሲጀምሩ በአንዲት ልጅ ፀጉር ውስጥ ቅማል ተገኘ። እናትየዋ ባንክ የምትሠራ ጽዱ ሴት ናት። ሬዲዮ ሰው እንዳይሰማ ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ወስዳ በጆሮዋ ነገረቻት። በነጋታው ጫማ ሰፊው ሴትየዋን ሲያያት ከመቀመጫው ተነስቶ "እግዜር ይማርልሽ" አላት። ሴትየዋ ቢሮ ገብታ የተናገረችውን እኔ አልደግመውም። እውነቷን ነበር።

ዳይሬክተሯ ገና ወጣት ናት፤ ክረምቱን ነው የመጣችልን። በሥራ ሰዓት እርስዎ፣ በምሳ ሰዓት አንቺ እላታለሁ። ክፉ አይደለችም፤ ሥርዓት ትወዳለች እንጂ። ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ መናገር ቀረ። በምትኩ ጥጉ ላይ አበባ የተሣለበት፣ "የፀደይ ወሬና ማስታወሻ ለቤተሰብ" የሚል ወረቀት በየሁለት ሳምንቱ መታደል ጀመረ። ለሬዲዮ ደግሞ ክፍል ውስጥም ቢሆን ድምጿን ዝቅ እንድታደርግ ተነገራት። ሕፃን በዝግታ ሲያናግሩት ይረጋጋል፤ ዳይሬክተሯ ሥልጠና ላይ እንዲህ ተብላለች። ሬዲዮ እንግዲህ ከተባልኩ ብላ ድምጿን ጨርሳ ዋጠችው። መካከለኛ ድምፅ የሚባል አልነበራትም፤ ያላት መጮህና አፍ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ወላጆች ለወረቀቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንዱ እርጥብ ጫማ ውስጥ ጎሰጎሰው፣ አንዷ የልጇን አፍንጫ ጠረገችበት። ከአበባው እስከ ፊርማው የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚጢጢ አያት።

ሽማግሌው ጆሮው ከባድ ነው። እቤት ጆሮው ከብዷል አይሉትም፤ "አባባ አይሰማም" ይላሉ፣ ያበቃል። ሬዲዮ በሩ ላይ ትናገር በነበረ ጊዜ ወሬው ለሁሉም እኩል ይደርሰው ነበር። እሷ ስትዘጋ የቀረው ወረቀቱ ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ የልጅ ልጁን በአንድ እጁ ይዞ ያነበዋል።

ሚጢጢ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ ታንሳለች፣ ስሙም ከዚያ የወጣ ነው። አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው፤ አባቷም እንዲሁ ነበር ይላሉ፣ አባቷን የሚጠይቀው ሰው የለም እንጂ። እናቷ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። ማቆያው ልጅቷን አልይዝም ቢላት እናትየዋ ሥራዋን መተው አለባት። መኪና ሲመጣ የማይሰማ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ሕፃን ይጠብቅ አይባልም። እናቷም፣ አያቷም፣ እኛም ይህን እናውቃለን።

ሬዲዮ እየጮኸች ስትይዛት ሚጢጢን የመሰለ ጨዋ ልጅ አልነበረም። እጅ ታጠቡ ሲባል ትታጠባለች፣ ተኙ ሲባል ትተኛለች። ሬዲዮ ዝም ካለች ወዲህ ግን ልጅቷ ሌላ ሆነች። ልጆቹ ከግቢ ተጠርተው ሲገቡ እሷ ጭቃ እየጫረች ትቀራለች። ተነሺ ስትባል ትቀመጣለች። የሌላ ልጅ ሳህን ወስዳ፣ መልሺ እያሏት ሩዙን ትበላለች። አንድ ቀን አትክልት አቅራቢው በሩን ገርበብ አድርጎት ገባ፤ ሚጢጢ ድመት ተከትላ መንገድ ወጣች። ዘበኛው ከኋላ ይጣራል፣ አንድ ባለ ብስክሌት ደወሉን እየደወለ ይመጣል፤ እሷ ወይ ፍንክች። ሰውየው እሷን ሲሸሽ የአቅራቢው ጎመን ክምር ላይ ወደቀ። ልጅቷ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ዘበኛው እልኸኛ ናት አለ። ሌላዋ ሞግዚት ጥጋብ ነው አለች። "ይቺ ልጅ አትሰማም" ያላለ ሰው አልነበረም። ሬዲዮ ብቻ፣ እኔ ስጠራት ትመጣ አልነበረም ወይ ብላ ተከራክራለች አሉ። ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለተናገረች ማንም ልብ አላለውም።

በዚያው ሳምንት ለሚጢጢ ቤት የተሰጠው የፀደይ ወረቀት ከሥሩ በዳይሬክተሯ እጅ የተጻፈ ነበረበት፦ "ልጅዎ አትሰማም። ቤተሰብ አስቸኳይ እርምጃ እንዲወስድ እናሳስባለን። ለውጥ ከሌለ ልጅቷን ለማቆየት እንቸገራለን።"

ሽማግሌው አነበበው። ደግሞ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና ልጅቷን ይዞ ሄደ። እኔ በመስኮት እያየሁ፣ ዛሬ እቤት ቁጣ አለ አልኩ። በማግስቱ ሚጢጢ ቀረች። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም። ዳይሬክተሯ በሩን እያየች ቢሮዋ ውስጥ ትንቆራጠጥ ጀመር፤ እርምጃ የሚለው ቃል ሳይከብድባት አልቀረም። ገርፈዋት ይሆን ብላም ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ሚጢጢን እየመራ መጣ። እኔ ለዳይሬክተሯ ሻይ ይዤላት ገብቼ ነበር። ባልገባም እሰማው ነበር፤ እሱ ራሱን ስለማይሰማ ለቤቱ ሁሉ ነው የሚናገረው።

"ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አላት። "እቤት ያለነው ሁሉ ጥጋብ ነው ስንል፣ አንቺ ነሽ ያየሽላት። ወረቀቱን እንዳነበብኩ ወደ እኔው ጆሮ ሐኪም ነው የወሰድኳት። እውነትሽን ነው። አትሰማም።"

የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት። ከተወለደች ጀምሮ ነው፣ በጣም ጮክ ካላሉ በቀር ድምፅ አይገባላትም፣ የጆሮ መሣሪያ ታዟል፣ በጥቂት ሳምንት ይደርሳል። ዳይሬክተሯ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ሻዩን አየሁ።

"ሥራችን ነው" አለች በቀስታ።

"አ?" አለ ሽማግሌው።

"ሥራችን ነው!" ብላ ጮኸች። እሷ ስትጮህ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

በምሳ ሰዓት ወጥ ቤት መጥታ የድንች ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ልክ አልነበረም።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ባለጌ ሆናለች ማለቴ ነበር።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

እውነቱን ልንገረው ወይ አለችኝ። ምን ሊጠቅመው አልኩና ቢላዋ ሰጠኋት፤ ድንች ላጪ፣ እጅ ሲሠራ ልብ ያርፋል። እያለቀሰች ላጠች። ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ጣለችው፤ ያን ቀን ግን ምንም አላልኳትም።

ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ሬዲዮ ጋ ሄደችና ለሚጢጢ እንደ ድሮሽ ጮክ በይላት አለቻት። እሰይ። ሾላ በድፍን ሆና የከረመች ሴት ተፈታች። "ሚጢጢ፣ እጅ መታጠብ!" ስትል ጫማ ሰፊው ማዶ ሆኖ እጁን ይታጠብ ነበር። ልጅቷም ተመልሳ ያቺው ጨዋ ልጅ ሆነች። ሬዲዮ በእነዚያ ሳምንታት የተሾመች ያህል ደረቷን ነፍታ ነው የዋለችው። አንድ ከሰዓት መስኮቴ ሥር ቆማ "ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በይ ስባል ኖሬ፣ ለካ ለዚች ልጅ ነው የተፈጠርኩት" አለችኝ። አላፌዝኩባትም፤ የምትለው ከልቧ ነበር።

መሣሪያው ደረሰ። ሐኪም ቤት ሲያደርጉላት ውለው፣ በነጋታው ሽማግሌው በሁለቱም ጆሮዎቿ ላይ ባቄላ የምታክል ነገር አድርጋ ይዟት መጣ። ሬዲዮ አዲስ ሽርጥ ታጥቃ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ገና እንዳየቻት እጆቿን ዘርግታ "ሚጢጢዬ፣ እንደምን አደርሽልኝ!" አለች፣ ባላት ድምፅ ሁሉ።

ልጅቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ጮኸች፣ የአያቷ ኮት ውስጥ ገባች። ሬዲዮ ልትይዛት ጠጋ ስትል ባሰባት። ጥጋብ ነው ያለችው ያቺ ድምፀ ቀጭን ሞግዚት ናት አባብላ ያስገባቻት። ሚጢጢ ያን ቀን ሬዲዮ በምትገባበት ክፍል አልገባም ብላ ዋለች።

ሬዲዮ ወጥ ቤት መጥታ ዳይሬክተሯ በተቀመጠችበት ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

"ፈራችኝ" አለች።

መሣሪያውን እስክትለምደው ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ስንት ዓመት አብሬያት ስሠራ ይቺ ሴት አንድ ቀን ዝም ባለችልኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ዝም አለችልኝ፤ አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ሲሄዱ ወጥ ቤቴ ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። እሷ ምድጃው ጋ፣ እኔ የዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆመን፣ ትናገራለች፣ ልኩን እነግራታለሁ። ቀንሺ እላለሁ፤ "ቀንሼ ነው!" ትላለች፣ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ፤ ስንት ጊዜ ተውኩት አልኩ። እሷ ግን አልተወችም። እቤትም ስትሞክር ባሏ አሞሻል ብሎ ሐኪም ቤት ሊወስዳት ነበር። ዝቅ ያለውን ድምፅ እንደ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ነው የቆጠረችው፤ ወደቀችበት፣ ተነሳችበት፣ በመጨረሻ ሄደችበት።

ሚጢጢ በዚያ መሐል መሣሪያዋን ለምዳ ቃል በቃል ላይ መጨመር ይዛለች። ከሬዲዮ ግን ገና ትርቃለች።

አንድ አመሻሽ፣ ወላጆች መምጣት ሲጀምሩ፣ ሚጢጢ ጀርባዋን ሰጥታን ዥዋዥዌ ላይ ነበረች። ሬዲዮ ከኋላዋ መጥታ ራቅ ብላ ቆመች። እኔ ማማሰያዬን እንደያዝኩ መስኮቱን ተጠጋሁ። ስትናገር ከንፈሯን አየሁ እንጂ ድምጿ አልደረሰኝም። ልጅቷ ዞረች። አየቻት። ጆሮዋን አልያዘችም።

"አባባ መጥቷል፣ ነይ ውረጂ" አለቻት ሬዲዮ፤ ይህን ትንሽ ሰማሁት።

"ሰማሁ" አለች ሚጢጢ። ፊቷን መልሳ መወዛወዟን ቀጠለች።

ሬዲዮ ደግማ ጠራቻት። ሦስተኛም ጠራቻት፣ ድምጿ ሳይነሳ፤ እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅቷ ወይ መውረድ። እኔም አለቀስኩ፤ ሽንኩርት ነው እንዳልል ያን ቀን ሽንኩርት አልነበረም። ከግቢው ወዲያ ማዶ የቢሮው መስኮት ተከፈተና ዳይሬክተሯ ብቅ ብላ፣ ጮክ ሳትል፣ "ተያት፣ ትንሽ ትጫወት" አለች።

እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የሰማሁትን ሬዲዮ አልሰማችም ነበር፤ የወፍጮ ቤት ልጅ ናት።

"ተያት አለችሽ" አለቻት ሚጢጢ።