የሰው ቃል ተሸክሜ እስከ ዱራሜ

ሐሙስ ጠዋት፣ ሆሳዕና

ከቤት የወጣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ቦርሳዬን ከፍታ አየችና ሳቀች። ለሦስት ቀን ጉዞ ሁለት ጃንጥላ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ የሆድ ክኒን፣ ትርፍ ቻርጀርና ትርፍ ጫማ ይዣለሁ። «የምትሄደው ዱራሜ ነው ወይስ ውጭ አገር?» አለችኝ። እኔ እንዲህ ነኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዝናቡ ያሳስበኛል፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ጎርፉ።

የምሄደው ለማስተርጎም ነበር። አንድ ድርጅት ለገጠር ሴቶች ማኅበራት አስተሳሰብን ስለመቀየርና ጭንቀትን ስለማሸነፍ ስልጠና አዘጋጅቶ፣ ሩት የምትባል አሰልጣኝ ከአዲስ አበባ አስመጣ። መጀመሪያ ሆመቾ፣ በማግስቱ ዱራሜ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሌሞ ስለሆነ ሀዲይኛ አፍ የፈታሁበት ነው። እናቴ ደግሞ የአንጋጫ ሰው ስለሆነች ከምባትኛም አያቅተኝም። የመደበኛ ሥራዬ ግብርና ነው፤ የእንሰት ባለሙያ ነኝ። ማስተርጎሙ ግን ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቁጥር አጠገቡ የምቆመው እኔ ነበርኩ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ የሌላውን ቃል ሳስተላልፍ ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

የራስህን ተናገር ስባል ግን ጉድ ይፈላል። የቢሮ ኃላፊያችን የስልጠና ክፍሉን እንድመራ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰበብ ፈጥሬ አመለጥኩ። አንዴ የልጆቼን ትምህርት፣ አንዴ ጨጓራዬን አመካኘሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ክፍሉን የሚመራው ሰው በየወሩ ዞን ስብሰባ ላይ ቆሞ ሪፖርት ያቀርባል። ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩኝና «እስከ ሰኞ መልስህን እፈልጋለሁ። አሁንም እምቢ ካልክ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ከእንግዲህም አልጠይቅህም» አሉኝ። እኔም ሰኞ ገብቼ እምቢ ለማለት ወስኜ ነበር ከቤት የወጣሁት።

ሐሙስ፣ ሆመቾ

ሩትን ያገኘኋት መናኸሪያ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፈጣን ተናጋሪ፣ ሳቂታ፣ የሆመቾን ጭቃ ገና ያላየ ነጭ ጫማ ያደረገች። ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሁለት ሻይና ሁለት ዳቦ ሰማንያ ብር ከፈልኩ፤ ልክፈል ብትል እንግዳ ነዎት ብዬ ከለከልኳት። ከከተማ እንደወጣን ስንዴው ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ጋሪዎች ጆንያ ጭነው ወደ ገበያ ይሄዳሉ፤ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሟል።

«ጋሽ ታምራት፣ ይህ ሁሉ ሙዝ ነው?» አለችኝ።

«እንሰት ነው። ቆጮ የሚሆነው እሱ ነው።»

«ውይ፣ ይቅርታ» ብላ አፏን ያዘች። አልፈረድኩባትም። እሷ ስለ አእምሮ ነው የተማረችው።

አዳራሹ ውስጥ አርባ ያህል ሴቶች ጠበቁን። ሩት ጎበዝ ናት። አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፣ እኔ «አሰልጣኟ እንዲህ ይላሉ» ብዬ ወደ ሀዲይኛ እመልሳለሁ። እሷ እጇን ስታነሳ እኔም አነሳለሁ፤ እሷ ስትቆጣ እኔም እቆጣለሁ። ጭንቀት ገና ያልመጣውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ መኖር ነው ስትል ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ፤ ነገሩ ሌላ ሰውን የሚመለከት ይመስል።

ወደ መጨረሻው ገደማ ወይዘሮ አማረች የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ተነሡ። «እንሰቴ ከመሃሉ እየጠወለገ ነው» አሉ በሀዲይኛ። «መጀመሪያ አንድ ነበር፣ አሁን ግን ጓሮዬን እየጨረሰው ነው። እንቅልፍ አጣሁ። እስቲ ጠይቅልኝ፣ አስተሳሰቤን ብቀይር እንሰቱ ይድናል?»

ይህን ለሩት ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «ከችግሩ ይልቅ መፍትሔው ላይ እንዲያተኩሩ ይንገሩልኝ» አለች።

ይህን ለእኚህ ሴት ማስተላለፍ አሳፈረኝ። እንሰት ማለት የቤቱ ቀለብ ነው። የሚናገሩትን በሽታ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ አጠውልግ ይባላል፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነገር ነው። «አሰልጣኟ እንዲህ ይላሉ» ብዬ ጀመርኩ። የታመመውን ከነሥሩ ነቅላችሁ ቅበሩት፤ የቆረጣችሁበትን ቢላዋ እሳት ላይ ሳታግሉ ጤነኛውን አትንኩ፤ ቢላዋ አትዋዋሱ፤ ከብት ጓሮው ውስጥ አታስገቡ። ስንት ደቂቃ እንደተናገርኩ አላውቅም። ሴቶቹ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። መጨረሻ ላይ «አሰልጣኟ አመሰግናለሁ ይላሉ» ብዬ ዘጋሁ።

ሩት በግርምት አየችኝ። «እኔ እኮ የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።»

«ሀዲይኛ ትንሽ ረዘም ይላል» አልኳት።

ለምሳ አተካና ቀረበልን። ቡላው በቅቤና በወተት የበሰለ ነበር፤ ሩት ሁለተኛ ጊዜ ጨመረች። ልንነሣ ስንል ወይዘሮ አማረች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡና ለሩት ሰጧት። ከዚያ አማርኛ ያውቃሉ ብዬ ያልጠረጠርኳቸው ሴትዮ በተሰባበረ አማርኛ «ልጄ፣ ስለ ቢላዋው እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሏት።

«ስለ የትኛው ቢላዋ?» አለችኝ ሩት። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ወደ ሆሳዕና ስንመለስ

ሚኒባስ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም ድርጅቱ ዘንድ ትከሰኛለች፣ ቢሮዬም ይሰማል፣ ደመወዜም ይያዛል እያልኩ ማስላት ጀመርኩ።

«ባልተናገርኩት ነገር ልመሰገን አይገባኝም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ተሰምቶኛል፣ አልዋሽዎትም። ግን የእኔ መልስ ባዶ ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ እውቀት ለምንድን ነው ለእኔ የሰጡት?»

«እርስዎ አሰልጣኝ ነዎት» አልኳት።

«ስለ እንሰት? ሙዝ ያልኩት እኔ?»

በመልስ ፈንታ ስለ ኃላፊነቱና ስለ ሰኞው ቀጠሮ አወራኋት፤ ለምን እንደ ነገርኳት እስካሁን አላውቅም። ሆሳዕና ልንገባ ስንቃረብ «ነገ ዱራሜ ላይ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የእርስዎ ነው» አለች። «እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ። የፈለጉትን ይናገሩ፤ የእኔን ግን አይናገሩ።»

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። በቢላዋው ጉዳይ ጥፋተኛ ስለነበርኩ ግን ከእምቢታው በፊት እፍረቱ ቀደመኝና «እሺ» አልኩ።

ዓርብ፣ አንጋጫን አልፈን

ጉም ነበር። መንገዱ በእንሰትና በስንዴ መሃል ይጠማዘዛል፤ ዳር ዳሩን ሴቶች ድንች በቁና ደርድረው ይሸጣሉ። አንጋጫ ላይ ወርደን ዝንጅብል የገባበት ሻይ ጠጣን። ጉሙ ሲገፈፍ የሀምበርቾ ተራራ ብቅ አለ። ሩት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ታነሳለች፤ እኔ ወረቀት ላይ የምናገረውን እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። የሆድ ክኒኑን አንጋጫ ላይ ዋጥሁት።

የሚያስፈራኝን ነገር በዝርዝር አውቀዋለሁ። ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ስብሰባ ላይ ሪፖርት እንዳቀርብ ተደረገ። አማርኛዬ የሀዲያ ቃና አለው። ገጽ ሁለት ላይ ስደርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው አነጋገሬን አስመስሎ ደገመው፤ አዳራሹ ሳቀ። ሪፖርቱን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ። ያ ሰውዬ ያን ቀን ማታ ረስቶት ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የራሴን ነገር ይዤ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም።

ዱራሜ ስንደርስ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ከተማዋ ዓርብ ዓርብ ቢሮ ከመዘጋቱ በፊት ጉዳይ ለማስፈጸም በሚሯሯጥ ሰው ትሞላለች። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ አዳራሹ ሄድን፤ ሾፌሩ ሰማንያ ብር ብሎ ከምባትኛ ስናገር ስልሳ አደረገው።

ዓርብ፣ ዱራሜ

የጠዋቱ ክፍል እንደ ሆመቾው አለፈ፤ ይህኛው ግን በከምባትኛ ነበር። ከምሳ በኋላ ሩት ንግግሯን ጨርሳ «አሁን ጋሽ ታምራት የራሳቸውን ይነግሯችኋል» ብላ ፊት ለፊት ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ይህንንም ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቴን ዘረጋሁ። ፊደሉ ተደበላለቀብኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «አሰልጣኟ እንዲህ ይላሉ» አልኩ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ ሩት ዞረ። ሩት ውኃ እየጠጣች ነበር። ሳቅ ተነሣ። ያ የድሮው ሳቅ መሰለኝ፤ እግሬ ወደ በሩ ሊወስደኝ ዳዳው።

ፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት እጃቸውን አነሡ። ወይዘሮ አበበች ይባላሉ፣ የዝንጅብል ነጋዴ ናቸው። አልሳቁም። «እሳቸው እኮ ዝም ብለዋል» አሉኝ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ወረቀቱን አጠፍኩት። «እኔ እፈራለሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቃሉ አላስቸገረኝም። ስለ ሪፖርቱ ነገርኳቸው፤ ሰውዬው እንዴት እንዳስመሰለኝ፣ እንዴት እንደ ተቀመጥኩ። «ጭንቀቴ በጆሮዬ ትዋረዳለህ ይለኛል። እኔ ደግሞ ለሰው ጨጓራዬን አሞኛል ብዬ አስተረጉምለታለሁ። መቼም አይሳካልህም ይለኛል፤ እኔ ጊዜ የለኝም ብዬ አስተረጉምለታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ደመወዝ ያስተረጎምኩት ለጭንቀቴ ነው» አልኳቸው። ይህን ስናገር ራሴም አዲስ ነገር የምሰማ መሰለኝ። ትናንት አርባ ሴቶች ፊት አንድ ሙሉ ትምህርት በሌላ ሰው ስም እንዳስተማርኩም አልደበቅኋቸውም። ሳቁ። ይህኛው ሳቅ አላመመኝም።

ወይዘሮ አበበች ተነሡ። «እኔ ገበያ ላይ ድምፄ ከሁሉም በላይ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሁኚ ሲሉኝ ግን ራሴን አሞኛል ብዬ ቤቴ ቀረሁ።» ዞር ብለው ጎረቤታቸውን አዩ። «አላመመኝም ነበር።»

«እናውቃለን» አለች ጎረቤታቸው፤ አዳራሹ እንደገና በሳቅ ሞላ። ከዚያ አንዷ ስትቀመጥ ሌላዋ እየተነሣች የየራሷን ሰበብ ተናገረች። የጀመርነው የእኔን ግማሽ ሰዓት ይዘን ነበር፣ የተነሣነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ሩት አንድ ቃል ሳይገባት ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሲወጣ ተጠግታ «ምን አሏቸው?» አለችኝ።

በአማርኛ ነገርኳት፤ ከነቃናዬ፣ ሳልቸኩል። ስጨርስ ዓይኗን ጠረገችና «ነገሩ ከእኔ ስልጠና አጭርና የተሻለ ነው» አለች። የምታጽናናኝ መሆኗ ገብቶኛል፤ ግን ደስ ብሎኛል፣ አልክድም።

ቅዳሜ፣ ሆሳዕና

ጠዋት ዱራሜ ላይ ቆጮ በጎመንና በአይብ በልተን ተነሣን። ሩት አዲስ አበባ ለመግባት ቸኩላ ነበር፤ ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ ቅቤዋን እንደ ያዘች ተሰናበተችኝ። እኔ ሰኞን አልጠበቅሁም። ሰኞ እስኪደርስ ሐሳቤን እንደምቀይር ራሴን አውቀዋለሁ። እዚያው ጫጫታው መሃል ቆሜ ለኃላፊዬ ደወልኩ።

«እቀበላለሁ» አልኳቸው።

«እውነትህን ነው?» አሉ። ያልጠበቁት መሰለኝ። «ጥሩ። እንግዲያው የማክሰኞውን የዞን ሪፖርት የምታቀርበው አንተ ነህ» አሉኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ከመናኸሪያው እስከ ቤቴ የእግር መንገድ ነው፤ ሙሉውን መንገድ ማክሰኞ ስለሚስቅብኝ ሰው ሳስብ ሄድኩ። እንግዲህ ጉዞው ጭንቀቴን ወስዶልኛል ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ተመልሷል፣ አሁንም የሚናገረው ያንኑ ነው። የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እሱ የተናገረውን ሁሉ እኔ የማስተላለፍ ግዴታ እንደሌለብኝ ነው።

ዘነበች በር ላይ ተቀበለችኝና ቦርሳዬን ከእጄ ወሰደች። የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ለኃላፊዬ የፈጠርኳቸውን ሁለቱን ሰበቦች ያኔም ታውቃቸው ነበር፤ አንድም ቀን ግን አላሳጣችኝም።

«ታዲያ ማክሰኞን አልፈራህም?» አለችኝ።

«ፈርቻለሁ» አልኳት። «እሺ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»